ባሕር ዳር አዲስ ለሆናችሁ፦ ጓደኛ በጀልባ

ጓደኛ ለማፍራት ካፌ ተቀምጦ ሰው ከመጠበቅ፣ ስድስት ሆኖ ወደ ዘጌ (ጣና ሐይቅ ውስጥ የገባ፣ ገዳማት ያሉበት ልሳነ ምድር) ጀልባ መከራየት ይሻላል። ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ ለጀልባው እንጂ በነፍስ ወከፍ ስላልሆነ ስትበዙ ይቀላል። አሰባሰቡ እንዲህ ነው፦ የምትተዋወቁ ሦስት ሰዎች፣ እያንዳንዳችሁ ሌሎቹ የማያውቁትን አንድ ሰው ጋብዙ። ከስምንት ካለፋችሁ ወሬው ለሁለት ይከፈልና አዲሱ ሰው ስልኩ ላይ ያቀረቅራል።

ጠዋት 2 ሰዓት ተነሱ። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ይነሳል፤ ማዕበል እያናወጠ ጨዋታ የለም። ዋጋውን፣ የመቆያ ጊዜውንና መመለሻውን ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ፤ የሕይወት አድን ጃኬቱንም ቁጠሩ። ሴቶች ካሉ ደሴት ላይ ያለውን የክብራን ገብርኤል ገዳም አትምረጡ፤ ሴት አይገባበትምና ቡድኑ በር ላይ ይበተናል። ዘጌ ያለው የዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ሁሉንም ይቀበላል፣ መንገዱም በቡናው ጫካ ውስጥ ነው፤ ጎን ለጎን ሲሄዱ ወሬ ይመጣል።

ስንቅ ተከፋፈሉ፦ አንዱ ቆሎ፣ አንዱ ውኃ፣ አንዱ ዳቦ። ሥራ የተሰጠው ሰው እንግዳነቱ ቶሎ ይለቀዋል (ከየትኛውም የማስተዋወቂያ ጨዋታ ቆሎ መዝገን ይበልጣል)። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ጿሚ መኖሩን አስቡ። ቀጣዩን ቀጠሮ ወደቡ ላይ ሳትበታተኑ ቁረጡ፤ «እንደዋወላለን» ከተባለ አለቀለት።