የዲጂታል መታወቂያ ደረጃ ሲረቀቅ ከወሎ ሆነን ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ላይ ባንክ ገብታችሁ የፋይዳ ቁጥር ስትጠየቁ፣ ከዚያች ቁጥር ጀርባ ብዙ ዓለም አቀፍ ሰነድ አለ። አሻራ በምን መልክ ይቀመጥ፣ ማንነት በምን ያህል እርግጠኝነት ተረጋገጠ ይባል፣ የግል መረጃ እንዴት ይጠበቅ የሚሉትን የሚመሩ ደረጃዎች ናቸው። የሚጽፏቸው አገሮች የሚልኳቸው ባለሙያዎች ናቸው። የእኛ ሰው ከሌለበት የእኛን ስምና የእኛን ዘመን አቆጣጠር ማን ያስታውስልናል? ይህን የምጽፈው ለዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ ለኮምቦልቻ የሶፍትዌር ልጆች፣ ለቀበሌ መዝጋቢዎችና ለሕግ ባለሙያዎች ነው።

የመጀመሪያው ስህተት «ይሄ የአዲስ አበባ ጉዳይ ነው» ብሎ መተው ነው። እርግጥ ነው፣ በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት (አይኤስኦ) ድምፅ የሚሰጠው ግለሰብ ሳይሆን አገር ነው። የእኛ አባል የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ነው፤ በሩም እሱ ነው። ድምፁ ግን ባዶውን አይሄድም፣ ጉዳዩን የሚያውቅ ባለሙያ ይፈልጋል። ለኢንስቲትዩቱ ስትጽፉ «መሳተፍ እንፈልጋለን» ብቻ አትበሉ፤ የቱን ሥራ እንደምትከታተሉ ጥቀሱ። አይኤስኦ ከዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን (አይኢሲ) ጋር ባቋቋመው የጋራ ኮሚቴ ሥር ንዑስ ኮሚቴ 27 የመረጃ ደኅንነትን ይይዛል፤ በውስጡ የሥራ ቡድን 5 የማንነት አስተዳደርና የግል መረጃ ጥበቃ ነው። ንዑስ ኮሚቴ 37 ባዮሜትሪክ (አሻራና ፊትን የመሰለ የሰውነት መለያ)፣ ንዑስ ኮሚቴ 17 ደግሞ የመታወቂያ ካርዶች ናቸው። «የጉዞ ገንዘብ የለም» የሚለውም ሰበብ ብዙም አያስኬድም። ድምፅ የሚሰጠው በኢንተርኔት ነው፣ ብዙ ስብሰባም በቪዲዮ ይካሄዳል።

ሌላው ስህተት ረፍዶ መምጣት ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው። ደረጃ ከሐሳብ ተነስቶ በሥራ ረቂቅና በኮሚቴ ረቂቅ አልፎ ነው ለአገሮች ሁሉ የሚቀርበው። ያን ጊዜ ድምፅ ለመስጠት ያለው ጊዜ 12 ሳምንት ነው። ቁልፍ ቃላቱና መዋቅሩ ግን ቀደም ብለው በሥራ ቡድኑ ውስጥ ተወስነዋል። የመጨረሻው ረቂቅ ላይ የቴክኒክ አስተያየት ብትልኩ፣ ደረጃው እስኪከለስ ይቀመጣል፤ የክለሳው ዙር ደግሞ በ5 ዓመት ነው። ስለዚህ መግባት ገና ረቂቁ በእርሳስ እያለ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚጎዳን ግን ሐሳብ በማቅረብ ፈንታ ቅሬታ መላክ ነው። የአስተያየት ቅጹ ሰንጠረዥ ነው። የአገር ኮድ፣ የአንቀጽ ቁጥር፣ የአስተያየቱ ዓይነት (አጠቃላይ፣ ቴክኒካዊ ወይም የአርትዖት)፣ አስተያየቱ፣ ቀጥሎም «የሚቀርብ ማሻሻያ» የሚል ዓምድ አለው። ይህ ዓምድ ባዶ ከሆነ አስተያየታችሁን ወደ ጽሑፍ የሚቀይርላችሁ የለም። ቴክኒካዊ ምክንያት ያልተጻፈበት የተቃውሞ ድምፅም ቆጠራ ውስጥ አይገባም።

ወሎ ለዚህ ዓምድ የሚሆን ሞልቷታል። እዚህ አንድ ቤት ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን አብሮ ይኖራል፤ መሐመድ ገብሬ የሚባል ሰው ብርቅ አይደለም። ይህ ሰው የቤተሰብ ስም የለውም፣ ያለው የአባትና የአያት ስም ነው። «የቤተሰብ ስም» የሚል የግዴታ ሳጥን ሲገጥመው አንዱ መሥሪያ ቤት የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም ይሞላበታል። በዚህ ላይ መሐመድ፣ መሀመድ፣ ሙሐመድ ተብሎ ይጻፋል። ለእኛ አንድ ስም ነው፤ ለኮምፒውተር ሐ እና ሀ፣ መ እና ሙ የተለያዩ ፊደላት ስለሆኑ ሦስት ስም ነው። «የኢትዮጵያ ስም አልተከበረም» ብላችሁ አትጻፉ። «በዚህ አንቀጽ የቤተሰብ ስም ግዴታ መሆኑ ይቅር፤ ስም ሳይከፋፈል በባለቤቱ ቅደም ተከተል ይመዝገብ፤ ሲመሳከር ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላት እንደ ልዩነት አይቆጠሩ» ብላችሁ ጻፉ። እንዲህ ያለውን ኮሚቴው መቀበል ወይም በምክንያት መመለስ አለበት።

የልደት ቀንም እንደዚሁ ነው። ገጠር ያሉ እናት «በ1980 ነው የተወለድኩት» ይላሉ፤ ወሩን አያውቁትም። የእኛ 1980 ዓ.ም. ግን ከመስከረም 1987 እስከ መስከረም 1988 በፈረንጆቹ ይዘልቃል። መዝጋቢው አንዱን ዓመት ከመረጠ ግምት እውነት ሆኖ ይቀመጣል። መፍትሔው ሩቅ አይደለም። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ሰነድ 9303፣ የፓስፖርቱ ደረጃ፣ ከልደት ቀኑ ያልታወቀው ክፍል፣ ቀንም ወርም ዓመትም ቢሆን፣ ባዶነቱ እንዲታይ ይፈቅዳል። ይህን ጠቅሶ ለሌላውም ደረጃ መጠየቅ ይቻላል።

ማስረጃ ስታያይዙ ደግሞ የሰው መታወቂያ ቅጂ እንዳትልኩ። ሲያርስና ድንጋይ ሲፈልጥ የኖረ እጅ አሻራው ይደበዝዛል፣ መሣሪያው አልይዝ ይላል፤ ይህ መነገር ያለበት ነው። የሚነገረው ግን በድምር ቁጥር ነው፦ ከስንት ተመዝጋቢ ስንቱ፣ በየትኛው ጣት፣ በምን ዓይነት መሣሪያ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። የግል መረጃ ጥበቃን ለመሟገት ሄዶ የጎረቤትን መረጃ መበተን በጣም ያሳዝናል።

ሶፍትዌርን ከደረጃ መቀላቀልም አለ። ፋይዳ የተሠራበት ሞሲፕ ከሕንዷ ባንጋሎር የተነሳ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው። እሱ ላይ ያያችሁትን ችግር ለሠሪዎቹ ንገሩ፤ ወደ ደረጃ ኮሚቴ የሚሄደው ለሁሉም ሥርዓት የሚሠራው ነው።

የኮምፒውተር ባለሙያ ብቻ መላክም አይበቃም። ስም በምን ፍርድ እንደሚለወጥ የሚያውቀው የሕግ ሰው ነው፤ ሕዝቡ መስኮቱ ላይ ምን ብሎ እንደሚመልስ የምታውቀው የቀበሌ መዝጋቢዋ ናት።

በመጨረሻ፣ አንድ ጊዜ ታይቶ መጥፋት። በኮሚቴ ውስጥ ተሳታፊ አባል የሆነ አገር ድምፅ መስጠት ግዴታው ነው፤ ደጋግሞ ከቀረ ወደ ታዛቢነት ይወርዳል። በየስብሰባው አዲስ ሰው መላክም ከመቅረት ብዙ አይሻልም፤ እዚያ ሰው የሚደመጠው ሲታወቅ ነው። ስለዚህ ከየተቋሙ ሁለት ሰው ይመደብ፣ አንዱ ሲለቅ ሌላው እንዲቀጥል። የላክናቸው አስተያየቶችና ኮሚቴው የሰጣቸው መልሶች በአንድ ፋይል ይያዙ፤ የሚተካው ሰው ፋይሉን ተረክቦ ቢያንስ አንድ ስብሰባ ከነባሩ ጋር ይቀመጥ።