ጎማቸው አልዞር ያለ ትንንሽ መኪኖች

ባሕር ዳር እናቴ ቤት፣ የልጅነት መኪኖቼ ከአሮጌ ሻንጣ ውስጥ ተገኙ። ማችቦክስና ሆት ዊልስ የሚባሉት የብረት መጫወቻ መኪኖች ናቸው። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ግን ጎማቸው አይዞርም። የጣና እርጥበት የብረት ዘንጋቸውን አዝጎታል።

ለዝገት ኮምጣጤ የሚል ብዙ ነው። ለእነዚህ ግን አይሆንም። አካላቸው በአብዛኛው የዚንክ ቅይጥ ነው፤ አሲድ ደግሞ ዚንክን ይበላል።

በለብ ያለ ውሃ፣ በትንሽ ሳሙናና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አጠብኳቸው። በደንብ አደረቅኳቸው። ከዚያ ጎማው ከዘንጉ የሚገናኝበት ላይ በመርፌ ጫፍ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አደረግኩና አሳደርኩት። ጠዋት ወዲህና ወዲያ ቀስ እያልኩ ሳዞረው ለቀቀ። መታገል አያስፈልግም፤ ዘንጉ ይጣመማል። ትርፉ ዘይት ይጠረግ፣ አቧራ ይሰበስባል።

አሁን ክዳኑ ግጥም በሚል ዕቃ ውስጥ ናቸው፤ አዲስ ጫማ ውስጥ የምትገኘዋን እርጥበት መጣጭ ከረጢትም ጨምሬበታለሁ።