በኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ዲሽ እንዴት ይሰቀላል?

በረንዳዬ ላይ መጀመሪያ ዲሽ የሰቀልኩ ቀን ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳዞረው ቆየሁ። ግራ፣ ቀኝ፣ ላይ፣ ታች። ሪሲቨሩ ላይ ምንም የለም። ለካ ዲሹ ምንም አላጠፋም። ሰማዩን የጋረደብኝ ከላይ ያለው የጎረቤቴ በረንዳ ነው።

ስለዚህ ድሪል ከመዋሳችሁ በፊት ቦታ ምረጡ። ኢትዮሳት የሚተላለፍበት ሳተላይት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ሲታይ ከምሥራቅ ትንሽ ወደ ደቡብ ያዘነብላል፤ ኮምፓስ ላይ 115 ዲግሪ ገደማ። ከፍታው ደግሞ ወደ 66 ዲግሪ ይጠጋል፤ አንገት ሰብሮ የሚታይ ነው። ናይልሳት በተቃራኒው በምዕራብ በኩል፣ 37 ዲግሪ ገደማ ከፍታ ላይ ነው። በረንዳችሁ ምዕራብን ብቻ የሚያይ ከሆነ ለኢትዮሳት አትልፉ፤ ስለ ጣሪያው የሕንፃውን ኮሚቴ አነጋግሩ።

ከላይ ያለው በረንዳ እንዳይጋርዳችሁ ሒሳቡ ይህ ነው። በረንዳችሁ ወደ ሳተላይቱ የሚያይ ከሆነ፣ የዲሹ የላይኛው ጠርዝ ከላይኛው ወለል 1 ሜትር ዝቅ ሲል፣ ከዚያ ወለል ጠርዝ ወደ ውስጥ ከ45 ሳንቲ ሜትር በላይ መግባት የለበትም። ዝቅ ባለ ቁጥር ይሻላል። ሌላ ዘዴም አለ። በመስቀል ሰሞን ወይም መጋቢት በገባ በሳምንቱ፣ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ገደማ ፀሐይ ልክ ሳተላይቱ ባለበት አቅጣጫ ትሆናለች። ያኔ ፀሐይ ያገኘው ቦታ ሲግናልም ያገኛል። በነዚያው ቀናት፣ በዚያው ሰዓት ምስሉ ለጥቂት ደቂቃ ቢቆራረጥ ደግሞ ዲሹን አትነካኩ። ፀሐይዋ ናት፤ ታልፋለች።

ቀጥሎ ማሰሪያው። ግድግዳውን በጣታችሁ አንኳኩ። ባዶ ባዶ የሚል ድምፅ ካለው ብሎኬት ነው፤ ፊሸር (ብሎኑ የሚገባበት ፕላስቲክ) አይዝም። አንድ ባለሙያ ብሎኬት ላይ የሰቀለልኝ ዲሽ በአንድ የነሐሴ ሌሊት ተነቅሎ፣ ጠዋት በኬብሉ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። ሥር ልጆች የሚጫወቱበት ግቢ ነው። ዲሽ የሚታሰረው የኮንክሪት ምሰሶ ወይም ወለሉ ላይ ነው፤ የበረንዳው ብረት ጠንካራ ከሆነም እሱ ይሆናል። ብረቱን ይዛችሁ ነቅንቁት፤ ከተወዛወዘ ተዉት። ትልቅ ዲሽ ደግሞ ንፋስ ይይዛል። የ90 ሳንቲ ሜትር ዲሽ ስፋት ከ60ው በእጥፍ ይበልጣል፤ ጎረቤት በትንሹ ዲሽ ጥሩ የሚያይ ከሆነ ትንሹን ውሰዱ።

አንድም ብሎን ከመንካታችሁ በፊት ዲሹን በጠንካራ ገመድ ከበረንዳው ጋር እሰሩ። ሰው ይያዝላችሁ። ከበረንዳው ውጪ ተንጠልጥሎ መሥራት የለም። ዝናብ ካለ ወይም የመብራት መስመር ቅርብ ከሆነ ይቅር። ዲሹ የሚገጠምበት የቆመ ቱቦ ቀጥ ማለቱን በውሃ ልክ እዩ፤ ቱቦው ካዘመመ የከፍታው ቁጥር ሁሉ ይዋሻል።

ኬብሉን ስትልጡ ተጠንቀቁ። በመሐል ያለው የመዳብ ሽቦ ብቻውን ይውጣ። ከዙሪያው መረብ አንዲት ፀጉር የምታክል ክር መሐለኛውን ከነካች ሾርት ታደርጋለች። ኮኔክተሩን የምታስሩትና የምትፈቱት ሪሲቨሩ ከመብራት ተነቅሎ ነው።

አሁን ማስተካከል። ስልካችሁ ላይ ባለው ኮምፓስ አቅጣጫውን ያዙ፤ ግን ከብረቱ ራቅ ብላችሁ፣ አለበለዚያ ያሳስታችኋል። የዲሹ ገጽ ሳተላይቱን ፊት ለፊት የሚያይ አይመስልም፤ በተለመደው ዲሽ ሲግናሉ የሚመጣው ፊቱ ካዘነበለበት 25 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ ነው። ስለዚህ በዓይን ሳይሆን ጀርባው ላይ በተጻፈው የከፍታ ቁጥር ተመሩ። ሪሲቨሩ ላይ የሲግናል ገጹን ክፈቱና ዲሹን በጣም በትንሹ አንቀሳቅሱ። በየእርምጃው ሁለት ሦስት ሰከንድ ጠብቁ፤ ሪሲቨሩ ዘግይቶ ነው የሚያሳየው። ቤት ውስጥ ያለው ሰው «ጨመረ! ቀነሰ!» እያለ ይጩህላችሁ።

ሲግናል አግኝታችሁ ጥራቱ ዝቅ ካለ ኤልኤንቢውን (ከዲሹ ፊት ያለውን ሲግናል ተቀባይ) በማቀፊያው ውስጥ አዙሩት። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ብዙ መዞር ይፈልጋል፤ የሰዓት ዘንግ ከ12 እስከ 2 የሚሄደውን ያህል። አንዱ ጎን ካልሠራ በሌላው ሞክሩ።

ብሎኖቹን ስታጠብቁ አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ፤ በየተራ ትንሽ በትንሽ፣ ዓይናችሁን ከሲግናሉ ቁጥር ሳትነቅሉ። ኬብሉ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ታጥፎ ይውረድ፣ የዝናቡ ውሃ እዚያ እንዲንጠባጠብ። የውጪውን ኮኔክተር በፕላስተር ጠቅልሉት። በመጨረሻ ዲሹ ከቱቦው ጋር በሚገናኝበት ቦታ በማርከር መስመር አስምሩ። ልጅ ቢነካው ወይም ልብስ የምታሰጣ ጎረቤት ብትገፋው፣ መስመሩን ከመስመሩ አገጣጥማችሁ ትመልሱታላችሁ።