አዲስ ሲቪላይዜሽን ሲወጣ ጌመሮች የሚሳሳቱት የት ላይ ነው?

ሲቪላይዜሽን በየተራ እየተጫወቱ ሥልጣኔን ከጥንት እስከ ዘመናችን የሚመሩበት የኮምፒውተር ስትራቴጂ ጌም ነው። 7ኛው ክፍል በፌብሩዋሪ 2025 ሲወጣ፣ ጌም በኦንላይን በሚሸጥበት ስቲም ላይ መጀመሪያ የጎረፈው አስተያየት በቁጣ የተሞላ ነበር። ሜኑው አይመችም፣ ዋጋው አይቀመስም፣ የምንወደውን ጌም አበላሹት። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ተከታታዩን ቆየት ካለ ጊዜ ጀምሮ ለሚጫወት ሰው ይህ አዲስ ነገር አልነበረም። 5ኛው በ2010 ሲወጣም፣ 6ኛው በ2016 ሲወጣም ተመሳሳይ ጩኸት ተሰምቷል። ወደፊት ኤክስፓንሽን (ጌሙን የሚያሰፋ ጭማሪ) ሲመጣ፣ ከዓመታት በኋላም 8ኛው ሲመጣ መደገሙ አይቀርም። ስለዚህ ጉጉታችንና ስጋታችን ያለ ቦታቸው የሚገቡባቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ እንያቸው።

አዲሱን ካደገው አሮጌ ጋር ማወዳደር

ትልቁ ስህተት ይኼ ነው። ሌሎቹም ብዙዎቹ ከሱ ይወለዳሉ።

አንድ ሰው "6ኛው ይሻላል" ሲል የትኛውን 6ኛ እያሰበ ነው? ኦክቶበር 2016 የወጣውን አይደለም። በ2018 ራይዝ ኤንድ ፎል፣ በ2019 ጋዘሪንግ ስቶርም የተባሉ ኤክስፓንሽኖች ተጨምረውበታል። ከዚያም ኒው ፍሮንቲየር ፓስ በ2020 እና በ2021 አዳዲስ አገሮችን እያመጣ አፋፍቶታል። በልባችን ያለው ከአራት ዓመት በላይ የተለፋበት ጌም ነው። አዲሱን ደግሞ ገና በተወለደበት ሳምንት አምጥተን ጎኑ እናቆመዋለን።

የ5ኛውን ታሪክ የሚያስታውስ ሰው ይህን ያውቃል። 4ኛው ውስጥ ሃይማኖትም ስለላም ነበሩ። 5ኛው ሲወጣ ሁለቱም ጠፉ። በዚያ ላይ አንድ ቦታ ላይ አንድ ጦር ብቻ ይቁም የሚል ሕግ መጣ፣ ካርታውም ከካሬ ወደ ባለ ስድስት ጎን ተቀየረ። ብዙ ደጋፊ ተናደደ። ሃይማኖትና ስለላ የተመለሱት በ2012 በጎድስ ኤንድ ኪንግስ ኤክስፓንሽን ነው። የንግድ መስመሮቹ የመጡት ደግሞ በ2013 በብሬቭ ኒው ወርልድ ነው። ዛሬ 5ኛውን ከምርጦቹ ተርታ የሚያሰልፍ ሰው ሞልቷል። የሚያወራው ግን ስለ 2013ቱ ነው እንጂ ስለ 2010ሩ አይደለም።

እንዲህ ስል ኩባንያው ያልጨረሰውን ይሽጥልን ማለቴ አይደለም። 70 ዶላር ከፍሎ ጎዶሎ ነገር ያገኘ ሰው ቢናደድ አልፈርድበትም። 7ኛው ሲወጣ አሸናፊው ከታወቀ በኋላ "አንድ ተራ ብቻ" እያሉ መቀጠል አይቻልም ነበር። ለዚህ ተከታታይ ይህ ማለት በረካው ሳይደርስ የቡናው ረከቦት እንደተነሳ ነው። በዚያው ዓመት በአፕዴት መለሱት፤ መጀመሪያውኑ መቅረት አልነበረበትም። ስታወዳድሩ ግን የመጀመሪያውን ቀን ከመጀመሪያው ቀን ጋር አድርጉት። እኔ እንደዚያ ሳየው 7ኛው በሜኑው ይሸነፋል። በጦር አዛዦቹና መርከብ በሚሄድባቸው ወንዞቹ ግን 6ኛውን ይበልጠዋል።

"ይህማ ሲቪላይዜሽን አይደለም" ብሎ መቸኮል

ጌሙን የሚሠራው ፊራክሲስ ውስጥ ከተከታታዩ ፈጣሪ ከሲድ ሜየር ስም ጋር የሚነሳ የቆየ ደንብ አለ። ከአዲሱ ክፍል አንድ ሦስተኛው እንደነበረ ይቆያል፣ አንድ ሦስተኛው ይሻሻላል፣ አንድ ሦስተኛው አዲስ ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍል የሚያስደነግጥ ነገር ይዞ መምጣቱ ታስቦበት ነው። 6ኛው ከተማን ከአንድ ነጥብ አውጥቶ በካርታው ላይ በየሰፈሩ ዘረጋው። መሪዎቹንም ካርቱን አስመሰላቸው ተብሎ ተሰድቧል። አሁን ስለ ካርቱኑ የሚያነሳ ሰው እምብዛም ነው።

የ7ኛው ድንጋጤ ግን ከበድ ይላል። ጨዋታው በሦስት ዘመን ተቆርጧል፦ ጥንታዊው፣ የአሰሳው እና ዘመናዊው። ጌሙ ሲወጣ፣ አንዱ ዘመን ሲያልቅ መሪያችሁ ባለበት ይቆይ ነበር፣ ሥልጣኔያችሁ ግን ይቀየር ነበር። በ2021 የወጣው ሂዩማንካይንድ የተባለ ጌም ተመሳሳይ ነገር ሞክሮ ነበር። ያኔም ብዙ ተጫዋች "ማን እንደሆንኩ ጠፋኝ" ብሎ አማርሯል። ስለዚህ ስጋቱ ከሜዳ የመጣ አልነበረም።

ምክንያት ያለውን ስጋት ከለውጥ ጥላቻ ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል። ይህ ለውጥ የትኛውን ችግር ሊፈታ ነው የመጣው? ሲቪላይዜሽን የሚጫወት ሰው የሚያውቀው አሮጌ በሽታ አለ። ጨዋታው መሃል ላይ ሲደርስ አሸናፊው ይታወቃል። ቀሪው ብዙ ጦር እያንቀሳቀሱ ተራ መቁጠር ነው። አብዛኛው ተጫዋች የጀመረውን አይጨርስም፤ ኩባንያውም ዘመኖቹን ያመጣበት አንዱ ምክንያት ይኸው መሆኑን ተናግሯል። ስለዚህ ችግሩ እውነተኛ ነው። መፍትሔው ለኔ ግማሽ ነው። መሃሉ ሕይወት ዘርቷል፤ በዘመን መቀየሪያው ላይ ግን የገነባችሁት ታሪክ ጭው ብሎ ይቆረጣል።

የአገራችንን ስም ብቻ አይቶ መፍረድ

ይኼ ለእኛ ነው። ኢትዮጵያ 5ኛው ውስጥ በ2012 የገባችው በአፄ ኃይለ ሥላሴ መሪነት ነው። ልዩ ችሎታዋ በአድዋ መንፈስ የተሰየመ ነበር። ከእናንተ የበለጠ ከተማ ካለው ጋር ስትዋጉ ጉልበት ይጨምርላችኋል። መሃል ሰፋሪ የሚባል ጦርም ነበራት። በጁላይ 2020 ደግሞ አፄ ምኒልክ ወደ 6ኛው መጡ፤ ከድንጋይ የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያንና የኦሮሞ ፈረሰኛ ይዘው። ሁለቱም ነገሥታት በአማርኛ ነው የሚናገሩት። ያንን የሰማ አበሻ ልቡ ሞቅ ቢለው አይገርምም።

7ኛው ሲወጣ አክሱም ብቻ ነበረች፣ እሷም በመጀመሪያው ዘመን። ከሰሃራ በታች በሁለተኛው ዘመን ሶንጋይ፣ በሦስተኛው ቡጋንዳ ነበሩ። ላሊበላ አልነበረም፣ ጎንደር አልነበረም። አክሱምን ይዛችሁ ብትጀምሩ ዘመኑ ሲያልቅ ሌላ አገር መሆን ግድ ነበር። የሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ እየሰማ ላደገ ሰው ይህ ትንሽ ያንቃል።

ስህተቱ ግን በሁለቱም በኩል አለ። አንዱ ትሬይለር (የጌሙ ማስታወቂያ ቪዲዮ) ላይ ሐውልቱን አይቶ ገንዘቡን ያወጣል። ሌላው ምኒልክ የሉም ብሎ ጌሙን ሳይነካው ይጥለዋል። ስሙ ስለ አጨዋወቱ ምንም አይነግራችሁም። የ5ኛው ኢትዮጵያ በጥቂት ከተሞች ተወስኖ፣ ሐውልቷ ቀድሞ በሚሰጣት የእምነት ነጥብ ሃይማኖት መሥርቶ መከላከል ነው። የ6ኛው ኢትዮጵያ ኮረብታ ላይ መሥፈር ነው፤ ከእምነት ነጥባችሁ የሳይንስና የባህል ነጥብ ታገኛላችሁ። የ7ኛው አክሱም ደግሞ ባሕርና ወርቅ ነው። መከላከል የሚወድ ሰው በአክሱም ሊሰለቸው ይችላል፣ ደሙ ምንም ያህል ሐበሻ ቢሆን።

ገንዘብ ማስቸኮል

7ኛው በሦስት ዋጋ ነው የቀረበው፦ 70፣ 100 እና 130 ዶላር። ከ100 ጀምሮ የከፈለ ከሌላው አምስት ቀን ቀድሞ ገባ። ያ ሁሉ የቁጣ አስተያየትም የተጀመረው ከነዚህ ሰዎች ነው። ብዙ ከፍለው ገና ያልታረመውን ጌም መጀመሪያ የቀመሱት እነሱ ናቸው።

"ካልወደድኩት እመልሰዋለሁ" የሚል አለ። ስቲም በ14 ቀን ውስጥ፣ ከሁለት ሰዓት በታች ከተጫወታችሁ ብር ይመልሳል። ለተኩስ ጌም ሁለት ሰዓት በቂ ነው። እዚህ ግን በሁለት ሰዓት የመጀመሪያው ዘመን እንኳን ላያልቅ ይችላል። ከኤፕሪል 2024 ወዲህ ደግሞ ቀድሞ በመግባት የተጫወታችሁት ሰዓትም ይቆጠራል።

አገር ቤት ላለው ነገሩ የበለጠ ይከብዳል። ስቲም በብር አይሸጥም። 70 ዶላር ጌሙ በወጣበት ሰሞን ምንዛሪ ከ8 ሺህ ብር በላይ ነበር። ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ውጭ ያለ ወንድም ወይም አክስት ነው። እባካችሁ ያቺን ውለታ በመጀመሪያው ሳምንት አታባክኗት። የስትራቴጂ ጌም ዋጋው ሲቀንስ ጥራቱ ይጨምራል፤ እንዲህ ያለ ዕቃ ብዙ የለም። ክራክ እጠብቃለሁ ለሚለውም ያው ነው። የተሰረቀ ኮፒ አፕዴት አይከተለውም፣ ስለዚህ ሰው የሚማረርበትን የመጀመሪያውን ስሪት ታቅፎ ይቀራል።

ትሬይለሩን እንደ ጌሙ ማየት

አጭር ነው። ትሬይለር ላይ ጦርነት ታያላችሁ፣ ጨዋታው ግን ምርጫና ቁጥር ነው። ሌላ ሰው ሲጫወት የሚያሳይ ረጅም ቪዲዮ ክፈቱ፣ መጀመሪያውን ዝለሉትና መጨረሻ አካባቢ ያለውን እዩ። ሲቪላይዜሽን መጀመሪያው ላይ ሁልጊዜም ያምራል። ላፕቶፓችሁንም በዚያው ለኩት። ለ7ኛው 8 ጊጋ ራም ዝቅተኛው ነው። ካርታው ሲሰፋና አገሮች ሲበዙ የምትጠብቁት ፕሮሰሰሩን ነው።

ኮምፒውተሩ ጎበዝ ይሆናል ብሎ መጠበቅ

በየክፍሉ "አሁንስ ኤአዩ (ኮምፒውተሩ የሚያጫውተው ባላንጣ) ብልጥ ይሆናል" እንላለን። አይሆንም። አንድ ቦታ አንድ ጦር የሚለው ሕግ ከመጣ ጀምሮ ኮምፒውተሩ ሠራዊት ማሰለፍ ይቸግረዋል፤ ቀስተኛውን ከፊት፣ ጋሻ ያዡን ከኋላ ሲያደርግ ታገኙታላችሁ። ደረጃውን ስትጨምሩም የሚጨመርለት ብልጠት አይደለም፣ ስጦታ ነው። 6ኛው ላይ በመጨረሻው ደረጃ ኮምፒውተሩ በሦስት ሰፋሪ (ከተማ መሥራች) ሲጀምር እናንተ በአንድ ትጀምራላችሁ። ብልጥ ባላንጣ የሚፈልግ ከጓደኛው ጋር ይጫወት።

"ቆሻሻ ነው" ብሎ መሄድ

ቅሬታ መጻፍ ጥሩ ነው፣ በተለይ ዝርዝር ሲሆን። "ጌሙ ሞቷል" የሚለውን አንብቦ ምን እንደሚያስተካክል የሚያውቅ ሠራተኛ የለም። "ጨዋታው ካለቀ በኋላ መቀጠል እፈልጋለሁ" የሚለው ግን ተሰምቷል። የሥልጣኔ መቀየሩም ቅሬታ እንዲሁ። ፊራክሲስ አንድን ሥልጣኔ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይዞ መጫወት የሚቻልበትን መንገድ እየሠራ መሆኑን በ2025 አስታውቋል።

ይህን የሰማ "በቃ፣ አሮጌው ሲቪላይዜሽን ተመለሰ" ብሎ እንዳይዘል። የአክሱም ልዩ ነገሮች ሁሉ የተሠሩት ለጥንታዊው ዘመን ነው፤ መርከቧ በሸራ የምትሄድ ዳው ናት። በሦስተኛው ዘመን ባላንጣዋ በእንፋሎት የሚሄድ ብረት ለበስ መርከብ ይዞ ሲመጣ በእጇ ምን ይኖራል? በአማራጩ ውስጥ እኔ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።