በዜሮ ዓመት ልምድ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ለመግባት

የአይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ነርስ የሥራ ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ ልምድ ይጠይቃል። አዲስ ተመራቂ ይህን ሲያይ ወይ ተስፋ ይቆርጣል፣ ወይ «ዜሮ ዓመት» የሚል የአይሲዩ ማስታወቂያ እስኪወጣ ይጠብቃል። ሁለቱም ጊዜ ማባከን ነው። ዜሮ ዓመት የሚቀበለው ቅጥር አብዛኛውን ጊዜ በደፈናው «ነርስ» ተብሎ የሚወጣው ነው፤ ምደባው የሚወሰነው ከተቀጠራችሁ በኋላ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አይሲዩ ያለው ሆስፒታል ግቡ፣ ክፍሉን ከውስጥ ሆናችሁ ጠይቁ።

አዲስ አበባ መሀል ላይ የትኛውን ሆስፒታል ማን እንደሚያስተዳድር ማወቅ ይጠቅማል። ጥቁር አንበሳ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው፤ ዘውዲቱና የካቲት 12 ደግሞ የከተማ አስተዳደሩ ናቸው። አንዱ ጋ ብቻ የምትከታተሉ ከሆነ የሌላው ያመልጣችኋል። የግል ሆስፒታሎች ጋ ማስታወቂያ ሳትጠብቁ ሲቪያችሁን ለነርሲንግ ኃላፊዋ በእጅ ስጡ። ጠዋት የተረኞች ርክክብና ራውንድ (የሐኪሞች የሕሙማን ጉብኝት) ስላለ ከሰዓት 8 ሰዓት ገደማ መሄዱ ይሻላል።

ሰነድ ላይ የሚያስቸግሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። የዩኒቨርሲቲ የመውጫ ፈተና ማለፍ ለሥራ አይበቃም፤ የጤና ሚኒስቴርን የብቃት ምዘና አልፋችሁ የሙያ ፈቃድ ማውጣት አለባችሁ። ሌላው የስም አጻጻፍ ነው፦ ዲግሪው፣ ስቱደንት ኮፒውና መታወቂያው ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈው ስማችሁ አንድ ካልሆነ፣ ማስታወቂያ ሳይወጣ አስቀድማችሁ አስተካክሉ። የምዝገባ ቀናት ጥቂት ስለሆኑ በመጨረሻው ሰዓት አይደርስም።

ተቀጥራችሁ የክፍል ምርጫ ከሰጧችሁና አይሲዩ ካልተገኘ ድንገተኛ ክፍልን ምረጡ። ኦክስጅን፣ ሰክሽን (አክታ መምጠጥ)፣ አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ የሚያስተነፍስ ከረጢት)፣ ሲፒአር (የቆመ ልብን ደረት በመጫን ማገዝ) በየዱቲው እጃችሁ ይገባል፤ ወደ አይሲዩ የሚተላለፈውን ሕመምተኛ ስታደርሱም እዚያ ያሉት ነርሶች ሥራችሁን ያያሉ።

የቅጥር ፈተናው ላይ ብዙ ሰው የሚወድቀው የመድኃኒት ስሌት ላይ ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ኖርአድሬናሊን (የወረደ የደም ግፊትን ከፍ የሚያደርግ መድኃኒት) 0.1 ማይክሮግራም በኪሎ በደቂቃ ታዘዘ እንበል፤ ሲሪንጁ ውስጥ 4 ሚሊግራም በ50 ሚሊ ሊትር ተበጥብጧል። በደቂቃ 6፣ በሰዓት 360 ማይክሮግራም ይሆናል። አንዱ ሚሊ ሊትር 80 ማይክሮግራም ስለያዘ ፓምፑ 4.5 ሚሊ ሊትር በሰዓት ላይ ይደረጋል። ያው 4 ሚሊግራም በ250 ሚሊ ሊትር ቢሆን ኖሮ 22.5 ነበር። የተበጠበጠበትን ሳያይ 22.5ን በቃሉ ይዞ በ50ው ሲሪንጅ ላይ የሚሞላ ነርስ መድኃኒቱን አምስት እጥፍ ይሰጣል። እንዲህ ያለውን ስሌት ያለ ካልኩሌተር፣ በወረቀት፣ እስኪለምዳችሁ ሥሩ።

ሁለተኛው የተለመደ ጥያቄ፦ ቬንቲሌተሩ (የመተንፈሻ ማሽኑ) የከፍተኛ ግፊት አላርም እየጮኸ የሕመምተኛው ኦክስጅን ወርዷል፤ ምን ታደርጋላችሁ? ብዙዎች ስለ ማሽኑ ማውራት ይጀምራሉ። ጠያቂዎቹ የሚፈልጉት መጀመሪያ ሕመምተኛውን እንድታዩና ሰው እንድትጠሩ ነው። ከማሽኑ ነጥላችሁ መቶ በመቶ ኦክስጅን ባለው አምቡ ባግ አስተንፍሱ። በቀላሉ ከገባ ችግሩ ማሽኑ ወይም መስመሩ ጋ ነው። ከከበደ ሕመምተኛው የመተንፈሻ ቱቦውን ነክሶት እንደሆነ፣ አክታ ዘግቶት እንደሆነ፣ ጥርስ ጋ ያለው የቱቦው ጥልቀት ምልክት ተንቀሳቅሶ እንደሆነ እዩ፤ ደረቱ በአንድ ወገን ብቻ የሚነሳ ከሆነ ቱቦው ወደ አንዱ ሳንባ ገብቶ ወይም ሳንባው ዙሪያ አየር ገብቶ ሊሆን ይችላልና ሐኪሙ ወዲያው ይምጣ። ሰክሽን ስታደርጉ ከ15 ሰከንድ አትለፉ።

«ቬንቲሌተር እሠራለሁ» ብላችሁ ሳትችሉ አትጻፉ፤ ቀጣዩ ጥያቄ ያጋልጣችኋል። ልምምድ ላይ ያያችሁትን «አይቻለሁ፣ በክትትል ሥር ሠርቻለሁ» ብሎ መናገር ተአማኒ ያደርጋል።

ከመፈረማችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ከነባር ነርስ ጋር ለስንት ሳምንት ነው የምሠራው? ማታ አንድ ነርስ ስንት ሕመምተኛ ይይዛል? ቬንቲሌተር ላይ ላለ ሰው አንድ ለአንድ፣ ቢበዛ አንድ ለሁለት ነው ተገቢው። በመጀመሪያው ሳምንት ማታ ብቻችሁን ሦስት ሕመምተኛ ያዙ የሚል ቦታ ከሆነ፣ ደመወዙ ቢጥምም ሌላ ፈልጉ።