ጭንቀት ነው ወይስ ርሃብ? በምግባችንና በስሜታችን መካከል የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ዓመት ለሁለት ወር ያህል፣ ጠዋት አራት ሰዓት ሲሆን ጭንቀት ይይዘኝ ነበር። ልቤ ይመታል፣ መዳፌን ያልበኛል፣ ክፉ ወሬ የሚደርሰኝ ይመስለኛል። አንድ ቀን እዚሁ ሐዋሳ፣ አቶቴ ከማዘወትራት ጀበና ቡና ተቀምጬ ሲኒው እጄ ላይ ሲንቀጠቀጥ ቡና የምታፈላው ልጅ አየችኝ።

«ጋሼ፣ ቁርስ በልተዋል ግን?»

አልበላሁም። ሲኒው ደግሞ ሦስተኛዬ ነበር።

ጭንቀቴ ሁሉ በአንድ እንቁላል ፍርፍር ለቀቀኝ ብል ውሸት ነው። የአራት ሰዓቷ ግን ሄደች።

ቡናን ቁርስ ማድረግ

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው። ከምናቃጥለው ጉልበት ግን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ዋና ማገዶው በደም የሚደርሰው ስኳር ነው። ስኳሩ ሲወርድ ሰውነት አድሬናሊን ይለቃል፤ ጅብ ስናይ የሚለቀውን ያንኑ። ካፌይን ሲጨመርበት ልብ ይብስበታል። ያኔ ሰውነት ይፈራል፣ ሐሳብ ደግሞ ለፍርሃቱ ምክንያት ፍለጋ ይወጣል። የቤት ኪራይ፣ አለቃ፣ ያልተመለሰ ስልክ። ምክንያት ታጥቶ አያውቅም። ሁሉም ሰው ላይ እንዲህ አይሆንም፤ ሳይበላ እስከ ቀትር በሰላም የሚሠራ ሞልቷል። እኔ ግን ከእነሱ ወገን አይደለሁም።

እናቶቻችን ቡና ሲያፈሉ ቆሎ ወይም ዳቦ ሳያቀርቡ አይቀሩም ነበር። ስሙም ራሱ የቡና ቁርስ ነው። የመንገድ ዳር ቡና ሲመጣ ሲኒው ተረፈ፣ ቁርሱ ቀረ።

ሰዓቱንም አስቡት። ካፌይን በብዙ ሰው ደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ አምስት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ከቀኑ አሥር ሰዓት የጠጣችሁት ቡና ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ግማሹ ገና አለ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ በማግስቱ ስሜቱ ቢጎረብጠው አይገርምም።

ድካምን በለስላሳ መሸፈን

አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ወደ 30 ግራም ስኳር ይይዛል። ያነቃል፣ ከዚያ ያወርዳል። ጥማት ከሆነ ውሃ አለ።

ምሳውን በጫት መተካት

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው። ርሃብን ይዘጋል፣ እንቅልፍ ያባርራል። ምርቃናው ሲያልፍ የሚቀረው ያልተበላ ምሳ፣ ያልተተኛ ሌሊትና የወረደ ስሜት ነው። በጨብሲ ልስበረው የሚለው ሰው ሌላ ዕዳ ይጨምርበታል፤ አልኮል ራሱ ስሜት የሚያወርድ ነገር ነው። «ሰኞ ሰኞ ለምን ይደብረኛል?» የሚል ጓደኛ አለኝ። መልሱን ከእኔ በላይ ያውቀዋል።

ደም ሳይመረመሩ «የኑሮ ነገር ነው» ብሎ መተው

የደም ማነስ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና የታይሮይድ ዕጢ መዳከም ሦስቱም ድካምና ድባቴ ይዘው ሊመጡ ይችላሉ። ቢ12 ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው የሚገኘው። ጾሙን ግን አትውቀሱ። ጉበት ቢ12ን ለዓመታት ማቆየት ስለሚችል በፍስኩ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ለሚያገኝ ሰው ችግሩ ትንሽ ነው። የሚያሳስበው ፍስኩም እንደ ጾም ለሆነበት ሰው ነው፤ በዚህ ኑሮ ውድነት ደግሞ ብዙ ነው። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወርዶ ለሚገዛ ሰው ዓሣም ቢ12 አለው። በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ልተወው።

ሻይና ቡና ደግሞ ከምግብ የምናገኘውን ብረት እንዳይመጠጥ ይይዛሉ። ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ቢቆዩ ይሻላል።

መድኃኒትን በምግብ መተካት

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይኼኛው ነው። የአክስቴ ልጅ ኦላንዛፒን የሚባል የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ይወስድ ነበር። መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ ክብደትና የደም ስኳር ሊጨምር ይችላል። እሱም ሱሪው አልገባ አለው። ስልኩ ላይ አንድ ቪዲዮ አየ፤ ዳቦና ስኳር ካቆምክ መድኃኒት አያስፈልግህም ይላል። ለማንም ሳይናገር አቆመ። በሦስተኛው ሳምንት እንቅልፍ አልባ ሆኖ ለሊት ግቢውን ሲዞር አክስቴ አገኘችው።

ቪዲዮው ሙሉ በሙሉ ፈጠራ አልነበረም፤ ችግሩም እሱ ነው። ስብ የሚበዛበትና ካርቦሃይድሬት የሚቀንሰው የኬቶ አመጋገብ ከ1921 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሚጥል በሽታ ሲሠራበት ኖሯል። አሁን ባይፖላርና ስኪዞፍሬኒያ ለሚባሉት የአእምሮ ሕመሞችም እየተጠና ነው። እየተጠና ያለን ነገር ግን ለብቻ ቤት ቁጭ ብሎ አይሞክሩትም። ለባይፖላር የሚታዘዘውን ሊቲየም የሚወስድ ሰው እንኳ ጨው በድንገት ቢቀንስ ወይም ውሃ ሳይጠጣ ቢውል መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ ተከማችቶ ሊመርዘው ይችላል። ጾም ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ማማከር ያለበት ለዚህ ነው።

ምግብ ዋጋ የለውም ማለቴም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ድባቴ ያለባቸውን 67 ሰዎች ለ12 ሳምንት ተከታትሏል። አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ ያልተፈተገ እህልና ዓሣ እንዲያበዙ ከታገዙት 32 በመቶው ከድባቴው ወጡ፤ ከሰው ጋር ጨዋታ ብቻ ከተመደበላቸው ግን 8 በመቶው። ጥናቱ ትንሽ ነው። አብዛኞቹም መድኃኒታቸውን ወይም የምክር ሕክምናቸውን ይዘው ነው የገቡት። ዝርዝሩን ሳየው ግን ሽሮ፣ ጎመንና ምስር ከዚያ ሩቅ አልመሰሉኝም።

የአክስቴ ልጅ ወደ ሐኪሙ ተመለሰ። መድኃኒቱ ተቀየረለት፣ ክብደቱንና ስኳሩን በየጊዜው ይለኩታል። ሱሪው ገና አልገባም። ማታ ማታ ከእኔ ጋር እስከ ፍቅር ሐይቅ በእግር እንሄዳለን፤ ስንመለስ ስለ ቪዲዮው አንዳንዴ ይከራከረኛል።