ቆጣሪው ለምን ይሳሳታል? በእጅ የተጻፈ አሴምብሊ ወይስ የኮምፓይለሩ ቢልትኢን

ደሴ ላይ በላፕቶፕ ተጽፎ ያለፈ ፕሮግራም ኮምቦልቻ መጋዘን ወርዶ ራስበሪ ፓይ (የአርም ፕሮሰሰር ያለው ትንሽ ኮምፒውተር) ላይ ሲጫን ጸባዩ ይለወጣል። መጋዘኑ ሁለት በር አለው እንበል። በየበሩ አንድ ሚዛን፣ ለየሚዛኑ አንድ ትሬድ (ከሌላው ጋር ጎን ለጎን የሚሠራ የፕሮግራም ክር)። ሁለቱም የሚደምሩት አንድ የጆንያ ቆጣሪ ላይ ነው። ቁጥሩ ሲዛባ መጀመሪያ የሚወቀሰው የኮምቦልቻ ሙቀት ነው፣ ቀጥሎ ተሸካሚዎቹ። ኧረ ሁለቱም የሉበትም!

ማታ ሲደመር ጆንያ ይጎድላል

ቆጣሪውን በተራ ፕላስ ፕላስ ነው የምትጨምረው? እሱ አንድ ሥራ ይመስላል እንጂ ሦስት ነው፦ ማንበብ፣ መደመር፣ መልሶ መጻፍ። ሁለቱ ትሬዶች አንድ ላይ 400 ካነበቡ ሁለቱም 401 ይጽፋሉ። አንዱን ጆንያ ማሽላ ውሃ በላው። ቆጣሪው ላይ «ቮላታይል» (ሁልጊዜ ከሜሞሪ አንብብ የሚል ምልክት) ብሎ መለጠፍም አያድንም፤ ሦስቱን ሥራ አንድ አያደርጋቸውም።

መፍትሄው «አቶሚክ ፌች አድ» ነው፤ ሦስቱን ሥራ ሳይከፋፈል በአንዴ የሚሠራ ቢልትኢን፣ ማለትም ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ፕሮግራም) ራሱ ይዞት የሚመጣ ተግባር። ጂሲሲ የሚባለው ኮምፓይለር ከ4.7 ጀምሮ አለው፣ ሌላው ኮምፓይለር ክላንግም ያውቀዋል። በሲ11 (የሲ ቋንቋ አንዱ ስታንዳርድ) የምትጽፍ ከሆነ የቋንቋውን የራሱን የአቶሚክ ሄደር ተጠቀም። እኔ ይሄኛውን እመርጣለሁ፤ ኮዱ ከአንድ ኮምፓይለር ጋር አይታሰርም።

ፓዩ ላይ ኮምፓይል አልሆን ይላል

በአሴምብሊ፣ ማለትም በፕሮሰሰሩ በራሱ ትዕዛዞች፣ «ሎክ ኤክስአድ» ብለህ ጽፈሃል። እሱ የኢንቴልና የኤኤምዲ ትዕዛዝ ነው፣ አርም አያውቀውም። አሴምብሊውን አውጣና ቢልትኢኑን አስገባ። አለቀ።

ያለ ኦፕቲማይዜሽን ይሠራል፣ በኦ2 ይበላሻል

ኦ2 ኮምፓይለሩ ኮዱን እንዲያፈጥን የሚታዘዝበት ምርጫ ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ኮምፓይለሩን ይረግማል። እሱ ግን አሴምብሊህ ምን እንደሚል አያነብም። የሚያምነው ከሥሩ የጻፍክለትን ዝርዝር ብቻ ነው። ቆጣሪውን እንደ ግብአት ብቻ ካስመዘገብከው «አልተነካም» ብሎ ሬጂስተር (የፕሮሰሰሩ ትንሽ ማስቀመጫ) ውስጥ የያዘውን አሮጌ ቁጥር ይሰጥሃል። የሚነበብም የሚጻፍም መሆኑን በመደመር ምልክት ንገረው። ክሎበር ዝርዝሩ (አሴምብሊው የሚነካካቸው ነገሮች የሚጻፉበት) ላይም «ሜሞሪ» ጨምር። አሴምብሊውን «ቮላታይል» ማለት ኮዱ እንዳይጣል ይከላከላል እንጂ በዙሪያው ያሉ የሜሞሪ ሥራዎች ቦታ እንዳይቀያየሩ አያግድም።

«ሎክ»ን ከረሳህ ደግሞ ስህተቱ ባለ አንድ ኮር (የፕሮሰሰር ሠራተኛ ክፍል) ማሽን ላይ ተደብቆ ይኖራል። ኮር ሲበዛ ይወጣል።

ቢልትኢኑ ይህን ሁሉ ጣጣ ራሱ ይሸከማል። የሊኑክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) በእጅ የተጻፈ አሴምብሊ ይጠቀም የለ ወይ የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ግን እነሱ ከሲ11 የተለየ የራሳቸው የሜሞሪ ሕግ አላቸው። የጆንያ ቆጣሪ ግን እንዲህ ያለ ሕግ የለውም።

ቁጥሩ ልክ ነው፣ ክብደቱ ግን የቀደመው ጆንያ ነው

ክፉው ይሄ ነው። የሚዛኑ ትሬድ ክብደቱን ይጽፍና «ዝግጁ» የሚል ባንዲራ ያነሳል። ባንዲራው በ«ሪላክስድ» (ተራ በማይጠብቀው የአቶሚክ ምርጫ) ከተጻፈ፣ አርም ለሌላው ኮር ባንዲራውን ከክብደቱ አስቀድሞ ሊያሳየው ይችላል። ላፕቶፑ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ የኤክስ86 (የኢንቴልና የኤኤምዲ) ፕሮሰሰር የተጻፈውን በተጻፈበት ተራ ነው ለሌላው የሚያሳየው።

ጻፊው ባንዲራውን በ«ሪሊዝ» ያንሳ፣ አንባቢው በ«አኳየር» ያንብብ፤ ሁለቱ ሲጣመሩ ባንዲራውን ያየ ክብደቱንም ያያል። ከተምታታብህ «ሴኩዌንሻሊ ኮንሲስተንት» የሚለውን (ከሁሉም ጥብቁን) እንዳለ ተወው፤ ካልነካኸው የሲ11 ነባሪ ምርጫ እሱ ነው። ትንሽ ይዘገይ ይሆናል። ግን ጆንያ ለመቁጠር ማን ይቸኩላል?

ፓይ 5 ላይ የተሠራው ፓይ 4 ላይ «ኢሊጋል ኢንስትራክሽን» ብሎ ይሞታል

የፓይ 5 ፕሮሰሰር ፓይ 4 የሌለው አዳዲስ የአቶሚክ ትዕዛዞች አሉት። ኮምፓይል ስታደርግ «ኔቲቭ» (ለዚሁ ማሽን ብቻ አመቻች) ካልክ ኮምፓይለሩ እነሱን በቀጥታ ይጽፋቸዋል። «ኔቲቭ»ን አውጣው። ጂሲሲ 10 እና ከዚያ ወዲህ ያሉት የሚያወጡት ፕሮግራም በሊኑክስ ላይ ሲነሳ ፕሮሰሰሩን አይቶ የሚስማማውን መንገድ ይመርጣል።